በአንድ ላፕቶፕ በኩል ብዙ ኮምፒውተሮችን ከኢንተርኔት ማገናኘት

የዋይፋይ ካርድ ስለሌለው ብቻ አሮጌ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ሊቀር አይገባም። በአጠገቡ በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ፣ በዋይፋይ የተቀበለውን ግንኙነት በኤተርኔት ገመድ ሊያካፍለው ይችላል። ስዊች ከተጨመረ ደግሞ ተካፋዮቹ ይበረክታሉ።

ሁለቱን መስመሮች በቀጥታ ማጣመር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የዋይፋይ ማሠራጫው የሚያውቀው የላፕቶፑን መለያ ብቻ በመሆኑ ከሌላ መሣሪያ የመጣን መልእክት አይቀበልም። ስለዚህ ሊኑክስ የአድራሻ ልወጣ በተባለው ዘዴ ይጠቀማል። በኢትዮጵያ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ ኮምፒውተሮቹም በላፕቶፑ አድራሻ ይላላካሉ፤ መልሱ ሲደርስ ላፕቶፑ መዝገቡን ተመልክቶ ለየባለቤቱ ያደርሳል።

ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1994 በቴክኒክ ሰነድ የቀረበው 4.3 ቢሊዮን ገደማ የሆኑት የኢንተርኔት አድራሻዎች እንደማይበቁ በመታወቁ ነበር። ዛሬ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የሚገኘው ኔትወርክ ማናጀር የተባለው ፕሮግራም ሥራውን አቅልሎታል፦ በገመዱ ግንኙነት ማስተካከያ፣ በአይፒቪ4 ክፍል፣ ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማጋራትን መምረጥ ይበቃል። ላፕቶፑ በተለምዶ 10.42.0.1 የተባለውን አድራሻ ይዞ ለቀሩት የየራሳቸውን ያድላል።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይመጣም። ላፕቶፑ ሲዘጋ የሁሉም ግንኙነት ይቋረጣል፤ ያልተመሰጠረ መልእክትም በእርሱ ሲያልፍ ሊነበብ ይችላል። ስለሆነም የላፕቶፑ ባለቤት በተካፋዮቹ ዘንድ የታመነ ሊሆን ይገባል።