የዴቪያንስ ማነስና የሞዴል ተስማሚነት

በዲመካ የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያ፣ በሐመር ወረዳ እናቶች በጤና ተቋም ስለ መውለዳቸው ያዘጋጀውን የማስተርስ ጽሑፍ እንድመለከትለት ባቀረበልኝ ጊዜ፣ ቅደም ተከተሉ እንደ ሥርዓተ ቅዳሴ የማይናወጠው የአራት ሞዴሎች ሰልፍ በሰንጠረዡ ተዘርግቶ አገኘሁት፤ በአራተኛውም ግርጌ «ዴቪያንሱ ከሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ ተስማሚው ይህ ነው» የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር።

በወጣቱ አልፈርድበትም፤ ይህን አብነት የቀሰመው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ከእያንዳንዱም 28 ቤተ ሰብ ተመርጦ በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ተመሥርተው ከሚወጡት ብዙ ጽሑፎች ነውና። ነገር ግን መናገሩ እስኪታክተኝ እንደምደጋግመው፣ ሞዴሉ ከመረጃው የራቀበትን የሚለካው ዴቪያንስ ተለዋዋጭ በተጨመረ ቁጥር ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ ኤ.አይ.ሲም ቢሆን፣ ምንም እንኳ ለተጨመረው ሁሉ ቅጣት ቢያስከፍል፣ ሥራው ከቀረቡለት መካከል አንዱን ማስበለጥ ስለ ሆነ፣ አራቱም ሐሰተኞች ቢሆኑ አንዱን ማንገሡ አይቀርም።

አራቱም ሞዴሎች ራንደም ያደረጉት ኢንተርሴፕቱን ብቻ ነበረ፤ ይህም ቀበሌ ከቀበሌ በመነሻው ቢለያይም፣ የእናቲቱ ትምህርት የሚያስገኘው ጥቅም በሁሉም ዘንድ አንድ ነው ብሎ ማመን ነው። በዲመካ ከተማ አራተኛ ክፍል የደረሰች እናት ምጥ ሲይዛት በእግሯ ጤና ጣቢያ ልትደርስ ስትችል፣ እኩል የተማረች፣ ነገር ግን ራቅ ባለ የከብት አርቢ መንደር ያገባች እኅቷ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ መሻገሪያ ታጣለች፤ የትምህርትን ኃይል በሁለቱ ዘንድ እኩል ያደረገ ሞዴል ስለ ማንኛቸውም እውነቱን አልተናገረም።

ተስማሚነትን የሚሻ ሰው ሞዴሉን ከወንድሞቹ ጋር ሳይሆን ከመረጃው ጋር ያፋጥጠው። ከሞዴሉ ደጋግሞ አዲስ መረጃ ያመንጭ፤ ከዚያም አንዲት እናት እንኳ በተቋም ያልወለደችባቸው ቀበሌዎች ስንት እንደሆኑ በሁለቱም ወገን ይቁጠር። ባለሙያው ይህን ባደረገ ጊዜ፣ በእውነተኛው መረጃ ያሉት እንዲህ ያሉ ቀበሌዎች ሞዴሉ ካመነጫቸው እጅግ በዝተው ታዩ።

የትምህርቱ ስሎፕ፣ ማለትም የሚያስገኘው ጥቅም መጠን፣ በየቀበሌው እንዲለያይ ሲፈቀድም፣ ከኢንተርሴፕቱ ጋር ያለው ዝምድና አብሮ ሊገመት ይገባል፤ የስሎፑ ቫሪያንስም ከዜሮ በታች መውረድ ስለማይቻለው፣ የተለመደው የካይ ስኩዌር ፈተና ከመጠን በላይ ጠንቃቃ ሆኖ ያለውን ልዩነት የለም ሊል እንደሚችል፣ ቀበሌዎቹም ጥቂት ሲሆኑ ግምቱ ዜሮ ላይ ስለ ወደቀ ብቻ ልዩነቱ ጠፋ ማለት እንዳይደለ ማወቅ ያሻል።