አኮንድሮፕላዥያ ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ሲኖር፦ ከፈረስ ቤት እስከ ሪፈራል ሆስፒታል

ፈረስ ቤት ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ሕፃን ተወለደ እንበል። እጅና እግሩ አጠር፣ ጭንቅላቱ ተለቅ፣ ግንባሩ ወጣ ያለ ነው። ጣቶቹን ሲዘረጋ በመሀል ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይታያል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ብዙ ጊዜ «ምን እናድርግለት?» ሳይሆን «ከማን መጣ?» የሚለው ነው። ግርዶሽ አይታ ነው ይባላል፤ የሰው ዓይን ነው ይባላል፤ በእናትየው ዘር ይኖራል ይባላል። ይህ ወሬ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ትዳር ሲፈርስ ደግሞ ልጁን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ሳይንሱን ከዚሁ ጥያቄ እንጀምር።

የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች የሚያድጉት ጫፋቸው አካባቢ ካለው ካርቲሌጅ ከሚባል ለስላሳ ክፍል ነው። ይህ ክፍል እየበዛ ወደ ጠንካራ አጥንት ሲቀየር ቁመት ይጨምራል። ኤፍጂኤፍአር3 የሚባለው ዘረመል እንደ ፍሬን ሆኖ ዕድገቱን ይቆጣጠራል። አኮንድሮፕላዥያ ያለበት ልጅ ላይ ይህ ፍሬን ተይዞ ይቀራል፤ እግር ቢያነሡለትም አይለቅም። ተመራማሪዎች ዘረመሉን የለዩት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ሁኔታው በዓለም ዙሪያ በግምት ከ25,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ የቤቱን ጭቅጭቅ የሚፈታ ቁጥር አለ። ከ10 ሕፃናት 8ቱ ያህሉ የሚወለዱት መደበኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው። ለውጡ ከማንም አልተወረሰም፤ በዚያው ፅንስ ላይ በአጋጣሚ የተፈጠረ አዲስ ለውጥ ነው። ለውጡ በአብዛኛው የሚነሣው በአባት የዘር ፍሬ ላይ ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ስንል እናትን ከተከሳሽ ሳጥን አውጥተን አባትን እናስገባ ማለታችን አይደለም። ማንም አስቦበት ወይም አጥፍቶ የሚያመጣው ነገር አይደለምና። ሁለቱም ወላጆች መደበኛ ቁመት ካላቸው ቀጣዩ ልጅ ላይ የመደገሙ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ይህን ለአባትየው በግልጽ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ምናልባት ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

«ፀሐይ አላሞቅሽውም» የሚለው ወቀሳ ለብቻው መልስ ይፈልጋል። በሀገራችን በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ የታወቀ በሽታ ነው፤ እግር ያጎብጣል፣ ዕድገት ያዘገያል። በዚህ የተነሣ አኮንድሮፕላዥያን ሪኬትስ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ሪኬትስ ግን ከተወለዱ በኋላ እየቆየ የሚመጣና በቫይታሚን ዲ የሚታከም ሲሆን፣ አኮንድሮፕላዥያ ከልደት ጀምሮ ይታያል። በራጅም ይለያል። ለሪኬትስ የሚታዘዘው መድኃኒት የዚህን ልጅ አጥንት አያስረዝመውም።

ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ቁመት ነው፤ ሐኪም የሚጨነቀው ግን ስለ አንገት ነው። አእምሮ ከኅብለ ሰረሰር ጋር የሚገናኝበት የራስ ቅል ቀዳዳ በእነዚህ ልጆች ላይ ጠባብ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነርቩን ተጭኖ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ልጁ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ቆም ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰውነቱ እየላላ ከሄደ፣ ወይም ጭንቅላቱ በፍጥነት እያደገ የሚያስመልሰው ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ከፍ ያለ ማንኮራፋትም ሳይዘገይ ለሐኪም መነገር አለበት። የጭንቅላት ልኬቱ በየወሩ ይመዝገብ። ከሌሎች ልጆች ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሆኑ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ለአኮንድሮፕላዥያ በተዘጋጀው የዕድገት ሠንጠረዥ ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጀርባ ነው፤ እዚህ ጋ የጎጃም እናት ኑሮና የሕክምና ምክር ይጋጫሉ። ጡንቻው ገና ላላ ያለ ሕፃን ጎብጦ ሲቀመጥ የጀርባው አጥንት እንደ ቀስት ይታጠፋል፤ ሲቆይም ጉብጠቱ ሊጸና ይችላል። ስለዚህ ምክሩ ራሱን ችሎ መቀመጥ እስኪጀምር ድረስ አታስቀምጡት፣ ጀርባና አንገቱን ደግፋችሁ ያዙት የሚል ነው። ታዲያ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም እናት በአንቀልባ ሳታዝል እንዴት ትዋል? «አትዘይ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። የሚያዋጣው ግን ሥራዋን ማቃለል ነው፦ አማቷ፣ ታላቅ ልጇ ወይም ጎረቤት ውሃውን ቢያመጡላት፣ ሕፃኑ ጠፍጣፋና ጠጠር ያለ ምንጣፍ ላይ መተኛት፣ ሲነቃም ሰው እያየው በሆዱ መዋል ይችላል። መንገድ ሲሄዱ በክንድ ታቅፎ፣ ማጅራቱ በእጅ ተደግፎ ይሁን። ባጃጅ ላይ ደግሞ በተለይ፤ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ።

ብዙዎቹ ልጆች የሚራመዱት ዘግየት ብለው ነው፤ እስከ 2 ዓመት ከዚያም ትንሽ አለፍ ሊል ይችላል። መዘግየቱ የአእምሮ ድክመት አይደለም። «እግሩ ይፈታለት» ተብሎ ወጌሻ ዘንድ መውሰድ ግን አደገኛ ነው። የተሰበረ አጥንት ያቀና ወጌሻ በሰፈሩ ይከበር ይሆናል፤ የዚህን ልጅ አንገት ወይም ጀርባ መጎተትና ማሸት ግን ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ የሕክምና ክትትሉን አያቋርጥ፤ የልጁም ራስና አንገት ይደገፍ። ከዚህ በላይ መከራከሩ ብዙ ጊዜ እናትየዋን ከሐኪም ያርቃታል እንጂ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ሕክምናው ባንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ አንገትና እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ጆሮ (ተደጋጋሚ የጆሮ ፈሳሽ መስማትን ይቀንሳል፣ ንግግርን ያዘገያል)፣ ከዚያ የእግር ጉብጠት፣ በጉልምስና ደግሞ የጀርባ ነርቭ መጨናነቅ እየተባለ ዓመታት ይቆያል። ከፈረስ ቤት ተነሥቶ ወደ ዋናው የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ መውረድ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መታየት፣ ካስፈለገም ቡሬን አልፎ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን መግባት አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን ሳያቋርጥ መሄድ አለበት፤ ደረጃ ከዘለለ ክፍያው ከኪሱ ሊሆን ይችላል። መድኑ ግን የመኪናና የማደሪያ ወጪን አይሸፍንም። ብዙው ቀጠሮ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ ከሆኑ ትልቁ እርዳታዎ ምክር ሳይሆን አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ የልጁን ራጅና ካርድ ፎቶ አንሥቶ በስልክ ማስቀመጥ ከአንዴም ሁለቴ ይጠቅማል።

ረጅም ሕክምና የት ላይ እንደሚሰበር ከቆልማማ እግር ሕክምና መማር ይቻላል። በፖንሴቲ ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ በጥቂት ሳምንታት ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልዩ ጫማው እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ሌሊት ሌሊት መደረግ አለበት። እግሩ ተመልሶ የሚጣመመው በዋናነት ጫማው ቤት ውስጥ ሲተው ነው። በአኮንድሮፕላዥያም እንዲሁ ነው። ዓይን የሚገባ ችግር ሳይኖር ቀጠሮ ማክበር ከባድ ነው፤ ስለዚህ እናትየዋን «ምን አሉሽ?» ብሎ ከመጠየቅ «ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ማን ይሄዳል?» ማለት ይበልጣል። ጉብጠቱ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ሆኖ ከተገኘ፣ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የልጆችን የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይሠራል።

ስለ መድኃኒቱ የሰሙ ይኖራሉ። ቮሶሪታይድ የሚባለው መርፌ በአውሮፓና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈቅዷል። ያን የተያዘ ፍሬን በከፊል ያላላል፤ በአንድ ዓመቱ ጥናት መርፌውን የወሰዱ ልጆች ካልወሰዱት ይልቅ በዓመት 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል የበለጠ አድገዋል። በየቀኑ፣ አጥንት ማደግ እስኪያቆም ለዓመታት ይወጋል፤ በአሜሪካ የዓመት ዋጋው ከ300,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን ዋጋ የምጽፈው «ውጭ ሀገር ወስዳችሁ አሳክሙት» በሚል ወሬ ከብትና መሬት የሚሸጥ ቤተሰብ እንዳይኖር ነው። የአንገት ክትትል ከዚህ መርፌ ይቀድማል፤ ሕይወት የሚያተርፈውም እሱ ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እግሩ እንዳይንጠለጠል ከወንበሩ ሥር መርገጫ ሳንቃ ያስፈልገዋል፤ አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል። «ድንክ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ መምህሩ ይተው፤ ልጆቹ ይከተሉታል። ስም አለው አይደል?

ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ቤተሰቡ ከአሁኑ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ወደፊት ብታረግዝ ዳሌዋ ጠባብ ስለሆነ የምትወልደው በቀዶ ሕክምና ነው። ምጥ እስኪመጣ ቤት መጠበቅ አይቻልም፤ ከመውለጃ ጊዜዋ በፊት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ከተማ መግባት አለባት። ባሏ መደበኛ ቁመት ካለው ለእያንዳንዱ ልጅ ሁኔታውን የማስተላለፍ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው።