ያውቁ ኖሯል? አውራሪስም ተመርጣ ነበር
እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ በተካሄደው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ፣ ከዕጩዎቹ ሁሉ በልጣ 100,000 ያህል ድምፅ ያገኘችው አውራሪስ እንደነበረች ያውቁ ኖሯል? ካካሬኮ ትባላለች፤ ትርጉሙ «ኮተት» እንደማለት ነው። ከሪዮ ዴ ጄኔሮ በውሰት የመጣች የእንስሳት ማቆያ እንግዳ ነበረች።

በጊዜው ለምክር ቤት አባላት ምርጫ የሚያገለግለው የድምፅ ወረቀት በመንግሥት ብቻ የሚታተም አልነበረም። የአውራሪሷ ስም የታተመበት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ተዳረሰ፤ በሹመኞቹ የተማረረው መራጭም በፖስታ እየከተተ ኮሮጆው ውስጥ ጨመረው። ድምፁ ዋጋ የለውም ተብሎ ተሰረዘ፤ የሕዝቡ ምሬት ግን የምር ነበር። ብራዚላውያን ከዚያ ወዲህ የተቃውሞ ድምፅን «የካካሬኮ ድምፅ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1963 በካናዳ የተመሠረተው «የአውራሪስ ፓርቲ»ም መነሻው እሷ ናት፤ መሪዬ ብሎ የሰየመውም በኩቤክ የግራንቢ እንስሳት ማቆያ የሚኖር አውራሪስ ነበር።