በአጥንት ላይ የሚተከል ብረትና የሰውነት ቍጣ

የሰው አጥንት በአደጋ ሲሰበር ሐኪሞች ብረትና ብሎን አስገብተው ያያይዙታል፤ ጕልበት ወይም ዳሌ በዕድሜና በሕመም ሲያልቅም አውጥተው በሰው እጅ በተሠራ መገጣጠሚያ ይተኩታል። በዚህም ጥበብ አልጋ ላይ ይቀር የነበረ ብዙ ሕመምተኛ ተነሥቶ በእግሩ ለመሄድ በቅቷል። ይሁን እንጂ ሕክምናው ሲታሰብ በቤተ ሰብ መካከል የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጉትቻና ሐብል ቆዳዋን የሚያሳክካት እናታችን፥ ብረት በአካሏ ውስጥ ሲገባ እንዴት ትሆናለች?» የሚል ነው።

ሐኪሞች አለርጂ የሚሉት፥ ሰውነት ሌላውን ሰው የማይጐዳውን ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ የሚነሣበት ቍጣ ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ ይህን ቍጣ አብዝቶ የሚያስነሣው ኒኬል ሲሆን፥ ኮባልትና ክሮሚየም ይከተሉታል። ኒኬል በርካሽ ጌጥ፥ በሰዓት ማሰሪያ፥ በሱሪ ቁልፍ፥ ብር መስሎ በተለበጠ የአንገት መስቀልም ሊገኝ ይችላል። ላብ ሲነካው ጥቂት በጥቂት ይሟሟና በቆዳ ውስጥ ሰርጎ ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። በዚያን ጊዜ የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ይለዩታል፤ ከለዩትም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሱትም። ማሳከኩና ሽፍታው የሚገለጠው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ሆነ፥ ሰው ምክንያቱን ሳያስተውል ሊቀር ይችላል። ይህ ሕመም በሴቶች ላይ የሚበዛው ከሁሉ ይልቅ ጆሮ ተበስቶ በሚንጠለጠለው ጌጥ ምክንያት ነው። ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት በ1994 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ቆዳን ከሚነካ ጌጥ የሚወጣውን የኒኬል መጠን በሕግ ወሰነ።

በአጥንት ላይ የሚተከለው ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለስብራት በብዙ ስፍራ የሚያገለግለው የማይዝግ ብረት ከመቶው ከ13 እስከ 15 እጅ ኒኬል አለበት። ለዳሌና ለጕልበት ምትክ የሚሠራው የኮባልትና የክሮሚየም ድብልቅ ከመቶው ከ60 እጅ በላይ ኮባልት ሲሆን ኒኬሉ እጅግ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ድብልቅ ከመቶው 90 እጅ ያህሉ ታይታኒየም፥ የቀረው አሉሚኒየምና ቫናዲየም ነው፤ ይህም ቍጣ የሚያስነሣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሰውነት ፈሳሽ ጨው ስላለበት ከማናቸውም ብረት ላይ ጥቂት በጥቂት ይሸረሽራል። ፉሴሮና ሎዢዬ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1966 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ለአጥንት ከተተከለ ብረት የተነሣ በቆዳ ላይ የወጣ ሽፍታ ማየታቸውን ጽፈው አስታወቁ።

ነገር ግን የሚያስደንቀው፥ ኒኬል ቆዳቸውን የሚያስቈጣ ሰዎች አብዛኞቹ የማይዝጉን ብረት በአጥንታቸው ተሸክመው ያለ ችግር መኖራቸው ነው። ቆዳ የሰውነት በር ስለ ሆነ እንግዳን ነገር የሚለዩት ዘበኞች በዚያ ይበዛሉ፤ በጥልቅ ያለው ሥጋና አጥንት ግን እንደ ቆዳ ፈጥኖ አይቈጣም። የጀርመን ሐኪም ዮሴፍ ያዳስሶን በ1895 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ያስታወቀው የቆዳ ምርመራ ዛሬም ያገለግላል፤ የሚጠረጠረው ነገር በጀርባ ላይ ለ2 ቀን ተለጥፎ ይቈይና ከተነሣ በኋላ ቆዳው በየቀኑ ልዩነት ደጋግሞ ይታያል። ምርመራው የቆዳን ቍጣ ያሳያል እንጂ፥ የሚተከለው ብረት ያውካል ወይም አያውክም ብሎ አስቀድሞ አይፈርድም።

ብረት ከተተከለ በኋላ በስፍራው ላይ ሽፍታና ማሳከክ ቢወጣ፥ ሕመምና እብጠትም ባይለቅ፥ አለርጂ ሊጠረጠር ይገባል። ሆኖም ከእርሱ ይልቅ የሚዘወተረውና የሚያሰጋው መመረዝ ወይም የተተከለው መላላት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ በደምና በራጅ፥ ካስፈለገም ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ እነዚህን ይመረምራል። ሕመምተኛው በራሱ ግምት «ብረቱ አልተስማማኝም» ብሎ በቤት ቢቈይ፥ መመረዙ ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ለስብራት የገባ ብረት አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ሊወጣ ይቻላል፤ የተተካ መገጣጠሚያን መለወጥ ግን ከፊተኛው የከበደ ሥራ ነው። አስቀድሞ መናገር የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ከቤተ ሰባችሁ መካከል ጌጥ ወይም ቁልፍ ቆዳውን የሚያስቈጣው ሰው ቢኖር፥ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ለሐኪሙ በግልጥ ንገሩ። አረጋውያን «ይህ ትንሽ ነገር ነው» ብለው ስለሚተዉት፥ ልጆች ስለ እነርሱ ይናገሩላቸው። የተተከለው ብረት ዓይነት ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱንም በደኅና ስፍራ አኑሩ። የአንገት መስቀሉ የሚያሳክከው ሰው የእንጨት መስቀል በክር ያድርግ፤ የሴት ልጆች ጆሮ ሲበሳም ኒኬል የሌለበት ጌጥ ይመረጥ። ከዚህ ጋር ግን ጭኑ የተሰበረ ሰው ብረትን ፈርቶ ሕክምናውን እንዳያዘገይ፤ የተሰበረው አጥንት ሳይጠገን ቢቀር የሚመጣው ጕዳት፥ ከስንት አንድ ሰው ላይ ከሚደርሰው የብረት ቍጣ ይልቅ እጅግ የከፋ ነውና።