የሐይቅ አሳ ወይስ የእርባታ?

አሞራ ገደል አሳ ስትገዙ ሻጩ «አሁን ከሐይቁ የወጣ ነው!» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን የሐይቅ ስለሆነ ብቻ ከእርባታው ይሻላል ማለት ነው እንዴ? እሱ የሚወሰነው አሳው በልቶ ባደገው ነገር ነው።

ሜርኩሪን እንውሰድ። ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። አልጌ ይወስደዋል፤ አልጌውን ትንንሽ እንስሳት፣ እነሱን ደግሞ አሳ ይበላል። በየደረጃው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ቆሮሶ በብዛት አልጌ ስለሚበላ ሰንሰለቱ ታች ላይ ነው። ቢልጫ ግን ሲያድግ ሌሎች አሳዎችን መብላት ይጀምራል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የሐዋሳ ሐይቅ ጥናትም ትልልቆቹ ላይ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝቷል። የሚገርመው አምባዛ ነው፦ እሱም አሳ ይበላል፣ ሜርኩሪው ግን ተመራማሪዎቹ ከጠበቁት ያነሰ ሆነ።

ጥሬውን ለምትወዱ፦ መጥበስ ጥገኛ ትላትሎችን ይገድላል፣ ሜርኩሪን ግን አይነካም።

ኩሬ ውስጥ ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላ ያደገ ቆሮሶስ? ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ የኩሬው ውሃ ንጽህና ግን መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ፣ «ከየት መጣ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ዓይነት አሳ ነው? ምን ያህል ትልቅ ነው?» በሉ። ለእነሱ ከትልቅ ቢልጫ ይልቅ ቆሮሶ ይሻላል።