በአዋቂነት ጥርስን ማስተካከል፡ ስለ ግልጽ አላይነር ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

የባንክ ደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ የበረራ አስተናጋጅ፣ የዜና አቅራቢና መምህር የዕለት ሥራቸውን የሚያከናውኑት ከሰው ጋር ፊት ለፊት በመነጋገር ነው። በእነዚህና በመሰል የሥራ መስኮች የተሰማሩ በርካታ አዋቂዎች የጥርሳቸው አሰላለፍ የተዛባ ቢሆንም፣ የብረት ብሬስ በሥራ ገበታቸው ላይ ጎልቶ እንዳይታይባቸው በመስጋት ሕክምናውን ሲያዘገዩ ይስተዋላል። ግልጽ አላይነር ይህን ስጋት የሚቀንስ አማራጭ ነው። ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ችግር የሚስማማ ባለመሆኑ፣ ከመወሰን በፊት አሠራሩንና ገደቡን መረዳት ያስፈልጋል።

አላይነር እንዴት ይሠራል?

አላይነር ለእያንዳንዱ ታካሚ ጥርስ ተለክቶ ከስስና ግልጽ ፕላስቲክ የሚዘጋጅ ሽፋን ነው። ሕክምናው በአንድ ሽፋን ብቻ አይጠናቀቅም፤ ታካሚው እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚቀያየሩ ተከታታይ ሽፋኖችን ያደርጋል። እያንዳንዱ ሽፋን ጥርስን ወደታቀደለት ቦታ በጥቂቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋል። ግፊቱ በአንድ ወገን ያለው አጥንት እንዲሟሟ፣ በሌላው ወገን ደግሞ አዲስ አጥንት እንዲገነባ ያደርጋል። አጥንት በዚህ መንገድ ራሱን ለመለወጥ ጊዜ ስለሚወስድ ሕክምናውን በጥድፊያ ማጠናቀቅ አይቻልም።

ዘዴው በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ድርጅት ኢንቪዛላይን የተሰኘውን ምርቱን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ዛሬ በተለያዩ አምራቾች የሚዘጋጁ በርካታ ዓይነቶች አሉ።

ለማን ይስማማል?

ጥርስን ለማስተካከል የዕድሜ ጣሪያ የለም። ወሳኙ የድድና የአጥንት ጤንነት ነው። ድዱ የሚደማ፣ ጥርሱ የሚነቃነቅ ወይም ያልታከመ የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ሰው በቅድሚያ ለእነዚህ ችግሮች ሕክምና ማግኘት ይኖርበታል። በታመመ ድድ ላይ ጥርስን መግፋት የቀረውን አጥንት ሊያሳጣ ይችላል።

አላይነር ለመጠነኛ መጣበብ፣ መደራረብና ክፍተት ጥሩ ውጤት ያስገኛል። በእጅጉ የዞረ ጥርስ፣ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ጥርስ ወይም የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ሰፊ ልዩነት ሲኖር ግን ብሬስ፣ አንዳንዴም የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የተሻለ አማራጭ ይሆናል። በሌላ በኩል በአገራችን እንደ ውበት የሚታየው ፍንጭት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ባለቤቱን ካላስቸገረው ሊዘጋ የሚገባው አይሆንም።

የጥርስ ቀለም እና የጥርስ አሰላለፍ

የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ አቦምሳ የምትገኘው ከአርሲ ደጋማ ቦታዎች ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርደው አካባቢ ነው። ከዚሁ ሸለቆ ጋር የተያያዙት ወንጂና መተሐራን ጨምሮ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኙ በርካታ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን እንዳለው በጥናት ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጥርሳቸው በድድ ውስጥ በሚሠራበት በሕፃንነታቸው ከዚህ በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ነጣ ያለ ነቁጥ ወይም ቡናማ ቀለም ሊይዝ ይችላል። ይህም ፍሎሮሲስ ይባላል።

አላይነር የጥርስን አቀማመጥ እንጂ ቀለሙን አይለውጥም። ቅሬታው የቀለም የሆነ ሰው ለወራት አላይነር ቢያደርግ የሚፈልገውን ውጤት አያገኝም፤ ገንዘቡንም ያለ አግባብ ያወጣል። ለፍሎሮሲስ እንደ ጉዳቱ መጠን ጥርስን በባለሙያ ማንጣት፣ የላይኛውን ስስ ክፍል መፋቅ ወይም በጥርስ ቀለም መሙያ መሸፈን የሚሉ ሌሎች ሕክምናዎች አሉ። በተጨማሪም ከባድ ፍሎሮሲስ ባለበት ጥርስ ላይ አላይነሩን የሚያግዙት ትናንሽ መያዣዎች በቀላሉ ሊላቀቁ ስለሚችሉ፣ ታካሚው ያደገበትን አካባቢ ለሐኪሙ አስቀድሞ መግለጹ ጠቃሚ ነው።

በሥራ ላይ ያለው አጠቃቀም

አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መደረግ አለበት። የሚወልቀው ለምግብ፣ ከውኃ በቀር ለሌላ መጠጥና ለጥርስ ጽዳት ብቻ ነው። ትኩስ ቡናና ሻይ ፕላስቲኩን ሊያጣምሙትና ሊያቀልሙት ይችላሉ። ስለሆነም በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚጠጣ፣ በመካከልም ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ልማዱን በተወሰነ ሰዓት መሰብሰብ ይኖርበታል። በየጊዜው የሚወልቅ አላይነር ጥርሱን አያንቀሳቅስም፤ ቀጣዩ ሽፋንም አልገጥም ይላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፆች ሊንሸዋረሩና ቀላል ሕመም ሊሰማ ይችላል። በንግግር ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች አዲሱን ሽፋን በዕረፍታቸው ዋዜማ ማታ ቢጀምሩ ለመልመድ ይቀላቸዋል። ሽፋኑ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ ሲወልቅም በሶፍት ተጠቅልሎ እንዳይጣል በማስቀመጫው ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል።

ከመክፈል በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው

ሕክምናው የሚጀምረው ሐኪሙ አፍን መርምሮ፣ የጥርስና የመንጋጋ ራጅ ተመልክቶ ነው። ያለ ምርመራ በፖስታ በሚላክ የልኬት ዕቃ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት የተደበቀ የድድና የሥር ችግርን አያሳይም። በአሜሪካ በዚህ ዓይነት ሽያጭ የታወቀው ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 ሥራውን ሲያቆም፣ በርካታ ደንበኞቹ ሕክምናቸው በመሐል ተቋርጦባቸዋል።

በአገራችን የሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተደነገገ ነው። ተገልጋዩ የተቋሙን የሥራ ፈቃድና የባለሙያውን የሙያ ፈቃድ የመጠየቅ መብት አለው። ከዚህም በተጨማሪ አጠቃላይ ዋጋው፣ የሽፋኖቹ ብዛት፣ ለጠፋ ሽፋን የሚከፈለው ሒሳብና የክትትል ቀጠሮዎቹ በጽሑፍ እንዲሰጡት መጠየቅ ይኖርበታል። ከአቦምሳ ወደ አዳማ፣ አሰላ ወይም አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው የመጓጓዣ ወጪና ከሥራ የሚቀርባቸው ቀናትም የሕክምናው ዋጋ አካል ናቸው።

ከሕክምናው በኋላ

ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ባሕርይ አለው። በመሆኑም ሕክምናው ሲያበቃ ሐኪሙ የሚያዘጋጀውን ማቆያ በታዘዘው መሠረት፣ በተለይም በሌሊት፣ ለረጅም ዓመታት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ከታለፈ የተደከመበት ውጤት ቀስ በቀስ ይጠፋል።

መከላከል ከልጅነት ይጀምራል

በአዋቂነት የሚታይ የአሰላለፍ መዛባት አንዳንዴ መነሻው በሕፃንነት የደረሰ ጉዳት ነው። የሕፃናትን ትኩሳትና ተቅማጥ ያድናል በሚል እምነት ግግ ማውጣት፣ ማለትም ገና ያልበቀለን የወተት ጥርስ ከድድ ፈልቅቆ ማውጣት፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽና ቦታውን ሊያስስት፣ ለደም መፍሰስና ለከባድ ኢንፌክሽንም ሊዳርግ የሚችል ጎጂ ልማድ ነው። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ ከፍተኛ ፍሎራይድ ባለባቸው አካባቢዎችም ለሕፃናት መጠኑ የተረጋገጠ ውኃ ማጠጣት ዛሬ የሚያድጉ ልጆች ነገ ለተመሳሳይ ሕክምና እንዳይዳረጉ ይረዳል።