ጧሪ ሲለዋወጥ

ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ይኖራል፤ አንድ ጊዜ በሕፃንነቱ፥ ሁለተኛም ጊዜ በእርጅናው። ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ዐውቆ ያንኑ እየሰማ ያድጋል። አረጋዊው ግን ዛሬ አንዱ፥ ነገ ሌላው የሚያነሣውና የሚያስተኛው ቢሆን፥ ምንም እንኳ እንጀራና አልጋ ባይታጣ፥ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። በአማርኛ «ጧሪ» የሚለው ስም «ቀባሪ» ከሚለው ጋራ ተያይዞ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጦርን የጀመረ ሰው እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል ተብሎ ስለሚታመን ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ በዳሮ ለቡ ወረዳ በምትገኘው በመቻራ፥ እንደዚሁም በገለምሶና ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ፥ አረጋዊ የሚጦረው ባብዛኛው በቤተ ሰቡ መካከል ነው። ይህም ከጥንት የወረደ መልካም ልማድ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም የጋራ ነው። ነገር ግን ቡናና ጫት ከሚያበቅለው ከዚህ አገር ብዙ ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም አልፈው ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። የሄደው ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ ሆኖም ገንዘብ በሌሊት ተነሥቶ ለተጠማ አባት ውሃ አያቀብልም። ስለዚህ ተቀጣሪ ረዳት ትፈለጋለች። እርስዋም ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ናት፤ ጥቂት ወራት ሠርታ የተሻለ ደመወዝ ባገኘች ጊዜ ትሄዳለች። የራስዋን ኑሮ ማሰብዋ አያስነቅፋትም፤ ጉዳቱ ግን በአረጋዊው ላይ ይወድቃል።

ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የመቻራ ገበሬ ከቡናው ጋራ ያለውን ዕውቀት መመልከት ይበቃል። የቡና ዛፍ ከተተከለ እስኪያፈራ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ የትኛው ግንድ እንደ ታመመ፥ የትኛውም ቅርንጫፍ አምና እንደ ተገረዘ የሚያውቀው በየዓመቱ የተመላለሰበት ሰው ነው። በየወቅቱ ባለቤቱ የሚለወጥ የቡና እርሻ መልካም ፍሬ አይሰጥም። አረጋዊም እንዲሁ ነው። የትኛው ጎኑ እንደሚያመው፥ መዋጥ የሚያስቸግረው መብል ምን እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ፥ በጾሙና በጸሎቱ ሰዓት ምን እንደሚፈልግ በወረቀት ብቻ አይጻፍም። በአልጋ ላይ የዋለ ሰው በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲጀምር በቆዳው ላይ የሚታየውን መቅላት ወይም መጥቆር ቶሎ የምትለየው ትናንት ያጠበችው እጅ ናት። የማስታወስ ኃይሉ የደከመ ሽማግሌ ደግሞ አዲስ ፊት ባየ ቍጥር ይደነግጣል፤ መብልም ይከለክላል።

ይህ ነገር በሀብታሞቹም አገሮች የታወቀ ችግር ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የ2017 እና የ2018 መዝገብ ከ15 ሺህ በሚበልጡ መጦሪያ ቤቶች ተመርምሮ በ2021 በወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ የአስታማሚዎች መለዋወጥ በአማካይ በዓመት 128 በመቶ ያህል ነበር። ይኸውም 100 የሥራ ቦታ ባለበት ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ 128 ጊዜ ሰው ወጥቶ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። መለዋወጡም የበዛው በአገልግሎታቸው ዝቅተኛ ደረጃ በተሰጣቸው ቤቶች ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከ2022 ጀምሮ የየቤቱን የመለዋወጥ ቍጥር ለሕዝብ ማሳወቁ፥ ልጆች አባታቸውን ለማን እንደሚያስረክቡ አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

በኢትዮጵያም የመጦሪያ ሥራ በተቋም መልክ እየሰፋ መጥቷል። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና የተነሡ ብዙዎችን ሰብስቦ ይጦራል፤ በዚያም ተረድተው ከዳኑት ውስጥ መልሰው ሌላውን የሚያስታምሙ አሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ነገር ግን ቤት መሥራት የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ጧሪው ካልጸና ቤቱ ማደሪያ እንጂ መጦሪያ አይሆንም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በዚያው አገር ይገኛል። ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ አስቀድሞ፥ አሰበ ተፈሪን የቈረቈሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ከእርሳቸውም በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጨርጨርን በገዙበት ዘመን፥ አውራጃው ለሌላው አብነት እንዲሆን ታስቦ ሹማምንት በደመወዝ እንዲያገለግሉ ተሞክሮ ነበር። የሐሳቡም መሠረት፥ የሚኖርበት የተወሰነለት አገልጋይ በሥራው ይጸናል የሚል ነው። ለሹም የታሰበው ይህ ነገር ሽማግሌ ለምታነሣው ረዳት የማይገባበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትም ሆኑ መጦሪያ ለማቋቋም የሚያስቡ ሰዎች፥ ስለ ግንቡ ከመምከራቸው በፊት ስለ ጧሪዋ ሊመክሩ ይገባል። ደመወዝዋ በውል የተጻፈና በቀኑ የሚከፈል፥ የዕረፍት ቀንዋም የታወቀ ይሁን። ከባድ ሰው ብቻዋን አንሥታ ወገብዋ እንዳይጐዳ አጋዥ ይሰጣት፤ በጤና ጣቢያም የማስታመም ትምህርት ትማር። መሄድዋ የማይቀር ቢሆን እንኳ፥ የምትተካት ሴት ጥቂት ቀን አብራት ውላ የአረጋዊውን ጠባይ ከአፍዋና ከእጅዋ ትቀበል።

ካህናትና የእስልምና አባቶችም የሚያደርጉት አላቸው። አባትና እናትን ስለ ማክበር በሚያስተምሩበት ጊዜ፥ የሌላውን አባት በደመወዝ የምትጦረውን ሴት ጨምረው ቢያነሡ፥ ሥራው የተናቀ መሆኑ ይቀራል። ሰው የሚከበርበትን ሥራ ቶሎ አይተወውም። ወደ ሩቅ አገር የሄደው ልጅም ገንዘብ ሲልክ «አባቴ ደኅና ነውን?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ «የምትጦረው ያችው የቀድሞዋ ናትን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የአባቱን ደኅንነት ከምንጩ ማወቅ ይችላል።